«ና» ሲባል ማን ይመጣል?

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር ተቆጥሮ የማያልቅ አንድ ቃል አለ። የታክሲ ረዳቱ ይለዋል። ባለ ሱቁ ይለዋል። ዕቃ የሚያሸክመው ነጋዴ ይለዋል። ደንብ አስከባሪውም ይለዋል።

«ና!»

አንዲት ፊደል ናት። ከዚህ ያጠረ ቃል ሊኖር አይችልም።

በዚሁ መንገድ ላይ አማርኛ ብቻ የሚነገር የሚመስለው ሰው ግን ጆሮውን አላቀናም። ሲጀመር «ጉለሌ» የሚለው ስም ራሱ ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት በአካባቢው ይኖር የነበረው የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ሸማኔው ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው። በየሱቁ ጉራጊኛ ይሰማል፣ ትግርኛ ይሰማል። ይህች አንዲት ፊደል ከአንድ አፍ ወጥታ በየጆሮው ስትገባ ትርጉሟ አንድ አይደለም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ጨዋታነቱ የሚያበቃበት ቦታ አለና ቀስ ብሎ ማየቱ ይበጃል።

*

በመጀመሪያ አማርኛው።

«ና» በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ ጉደኛ ቃል ነው። «ሰማ» ብሎ «ስማ»፣ «በላ» ብሎ «ብላ» የሚለው ቋንቋ፣ «መጣ» ብሎ «ምጣ» ማለት ነበረበት። አይልም። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው «ምጣ» ሲል ሁሉም የሚስቀው ለዚህ ነው። «ና» ከ«መጣ» ጋር አንድም ፊደል አይጋራም። ዘመዱ የግእዙ «ነዓ» ነው፤ የትግርኛው «ንዓ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው። ኦሮምኛም ቢሆን «ዹፌ» (መጣ) እያለ ቆይቶ ሰው ሲጠራ «ኮቱ» ይላል። የዚህ አገር ቋንቋዎች ሰውን ለመጥሪያ የተለየ ቃል ለማስቀመጥ የተማከሩ ይመስላሉ።

ይህ ቃል ኃላፊ ጊዜ የለውም። አሉታም የለውም፤ መከልከል የፈለገ ሰው «አትምጣ» ብሎ ወደ ሌላው ግስ ይመለሳል። ያለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ መጥራት።

አጠራሩም ደረጃ አለው። ለሴት «ነይ» ነው፣ ለብዙ ሰው «ኑ»፣ ለታላቅ «ይምጡ»። ስለዚህ አንድ ሰው «ና» ሲል ሳያስበው ሦስት ነገር ተናግሯል። የተጠራው አንድ ነው። ወንድ ነው። ከጠሪው አይበልጥም፣ ወይም እንዳይበልጥ ተፈልጓል። «ና ብላ» ሲባል ከዚህ የሚጥም ቃል የለም። «ና ወደዚህ!» ሲባል ደግሞ የተጠራው ልጅ ሆዱ ይረበሻል። ልዩነቱ ያለው ፊደሉ ላይ ሳይሆን ጠሪው ፊት ላይ ነው።

አማርኛ ሌላም «ና» አለው። «ሻይና ዳቦ»፣ «እናትና አባት» ሲባል ሁለት ነገር የሚያያይዘው። «መሽቷልና እንሂድ» ሲባል ደግሞ ምክንያት የሚያመጣው። ያም ሆነ ይህ፣ የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ድምፅ ከቃል መጨረሻ ላይ ሲሰማ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

*

የሚገርመው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«ሀገርና» የሚል ቃል ወረቀት ላይ ብቻውን ተጽፎ ያየ አማርኛ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ይላል። ሀገርና ምን? ሀገርና ሕዝብ? ሀገርና መንግሥት? ቀሪውን ይፈልጋል። ትግርኛ አንባቢ ግን ምንም አይፈልግም። በእርሱ ቋንቋ «ሃገርና» ማለት «ሀገራችን» ማለት ነው። አለቀ። «ስምና» ስማችን ነው፣ «ልብና» ልባችን ነው። ዓረብኛም ለ«የእኛ» የሚጨምረው ይህንኑ «ና» ነው፤ እዚህ ላይ መመሳሰሉ የሥጋ ዝምድና ነው፣ ሁለቱም ሴማዊ ናቸውና።

አንደኛው ቋንቋ «ሌላስ?» ብሎ ክፍት የሚተወውን ቃል፣ ሌላኛው «የእኛ» ብሎ ይዘጋዋል። በዚህ አገር ስብሰባዎች ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል እየጠሩ ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው ይህ ከሰዋስው አልፎ የሚሄድ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። አንዱ ቃሉን ሲጀምር ሌላው ጨርሶታል።

በኦሮምኛ «ና» ማለት «እኔን» ነው። «ና ኤጊ» ጠብቀኝ ነው። «ና ገርጋሪ» እርዳኝ ነው። በሶማልኛ ደግሞ «ና» ማለት «እኛን» ነው። «ና ገርጋር» እርዳን ነው። ሁለቱን ሐረጎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያነበበ ሰው መደነቁ አይቀርም። ኦሮሞው ለራሱ፣ ሶማሌው ለወገኑ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ እርዳታ ይጠይቃሉ። ሶማልኛ በዚያ ላይ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር የሚያያይዝ «ና»ም አለው፤ ልክ እንደ አማርኛው።

በጉለሌ ከየክልሉ ታማሚ የሚመጣባቸው ሆስፒታሎች አሉ። አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ኮሪደር ላይ ወድቀው «ና ገርጋሪ» ቢሉ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ወጣት የሚለየው የመጀመሪያዋን ቃል ነው። «ና አሉኝ፣ ጠሩኝ» ብሎ ይሮጣል። በስህተት ትክክለኛው ቦታ ደርሷል ማለት ነው። አጠገባቸው ቆሞ ግን የት እንደሚያማቸው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያማቸው፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ሊጠይቃቸው አይችልም። አንድ ቃል መጋራት እስከ በሩ ያደርሳል። ከበሩ ወዲያ ቋንቋ ያስፈልጋል።

በየካቲት 2012 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ፣ ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል። ከአምስቱ ቢያንስ በአራቱ ይህች ፊደል ሥራ አላት። «ና»፣ «እኔን»፣ «የእኛ»፣ «እኛን»። የአንድ መንግሥት ቢሮ መስኮት ላይ አራቱም ትርጉሞች ሊመጡ ይችላሉ። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ስንቱን ይሰማል? ፖሊሲ የሚፈተነው እዚያ መስኮት ላይ ነው።

*

ከአገር የወጣ ኢትዮጵያዊም ይህችን ፊደል በየሄደበት አግኝቷታል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። በዕብራይስጥ «ቦ» ማለት «ና» ነው፤ «ና» ማለት ደግሞ «እባክህ» ነው። «ቦ ና» ያለው ሰው «እባክህ ና» ብሏል። ጎንደር ላይ ትእዛዝ የነበረው ቃል እዚያ ልመና ሆኖ ጠብቋቸዋል።

በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ገጠማቸው። ሩሲያዊ ዕቃ ሲያቀብል «ና» ይላል። «እንካ» ማለቱ ነው። አማርኛው ሰውን ወደ ራስ ይስባል፣ ሩሲያኛው ዕቃውን ወደ ሰው ይልካል። እጁን ዘርግቶ «ና» ያለውን ሩሲያዊ አይቶ፣ ዕቃውን ትቶ ወደ ሰውየው የሚጠጋ አዲስ ተማሪ ቢኖር አይፈረድበትም።

ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በተዋጉበት አገር «ና» ማለት «እኔ» ነው። በስዋሂሊ «ና» ማለት «እና»፣ «ከ… ጋር» ማለት ነው፤ «ቻይ ና ማዚዋ» ሻይ ከወተት ጋር ነው። ስዋሂሊ በ2014 ዓ.ም የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ሆኗልና ይህ «ና» አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ አለው። ሕንዳዊ ደግሞ «ና» ሲል «አይ» ማለቱ ነው። አንዱ የሚጠራበት ድምፅ ሌላው የሚከለክልበት ሆኖ አረፈው።

*

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ፈተና ይመጣል። «አያችሁ፣ ሁላችንም አንድ ነን» ማለት ያምራል። ወይም በተቃራኒው «ቃሉ የእኛ ነው፣ ከእኛ ሰርቀው ነው» ማለት። ሁለቱም ችኮላ ነው።

የ«ነ» ድምፅ በአብዛኛው የዓለም ቋንቋ አለ። የ«ኣ» ድምፅም እንደዚያው። ሁለቱን ገጣጥሞ «ና» የማይል ቋንቋ ቢፈለግ ነው የሚያስቸግረው። የቋንቋዎች ቁጥር በሺዎች ነው፤ እንዲህ ያሉ አጫጭር ድምፆች ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ መገጣጠማቸው የሚጠበቅ ነው። የግእዙ «ነዓ» ከአማርኛው «ና» ጋር ዘመድ ነው ለማለት የቋንቋ አጥኚዎች ሌሎች ቃላትን፣ የድምፅ ለውጥን፣ ሰዋስውን አመሳክረው ነው። ኮሪያኛውና ኦሮምኛው ግን ዘመድ አይደሉም። መንገድ ላይ ተመሳሳይ ሸሚዝ ለብሰው የተገናኙ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ይህ ነገር በዚህ አገር ቀላል ጉዳይ አይደለም። የአንድን ሰፈር፣ የአንድን ወንዝ፣ የአንድን ተራራ ስም ይዞ «በእኛ ቋንቋ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ስለዚህ መሬቱ የእኛ ነው» የሚል ክርክር በየማኅበራዊ ሚዲያው በየቀኑ ይነበባል። ጉለሌን የመሰለ፣ ባለቤቱ በታሪክ የሚታወቅ ስም አለ። ለዚህ ማስረጃው ሰው ነው፣ ታሪክ ነው፣ መዝገብ ነው። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ይፈረድ ከተባለ ግን ሩሲያዊም፣ ኮሪያዊም፣ ሕንዳዊም በ«ና» የሽሮ ሜዳ ባለ ርስት ነው።

የቃል መቀራረብ አንድነት እንዳልሆነ ደግሞ አገሪቱ በደም አይታዋለች። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች በእውነት ዘመዳሞች ናቸው፤ ብዙ ቃል ይጋራሉ። ይህን አይተው ባለሥልጣናት አራቱን ቀላቅለው «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ አዘጋጁ። በ1992 ዓ.ም ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ፈነዳ። የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱም ቀሩ። ሰዎቹ የጎረቤታቸውን ቋንቋ ጠልተው አልነበረም። ማንም ሳይጠይቃቸው ቋንቋቸው ተቦክቶ ስለቀረበላቸው ነበር።

*

እነዚህ አራት ቋንቋዎች ከሚጋሯቸው ቃላት አንዱ «ናኣ» ነው። መሃሉ ላይ ጉሮሮ ያዝ ያደርገዋል። ትርጉሙ «ልጅ» ነው።

ጨዋታው የሚያበቃው እዚህ ነው።

የሽሮ ሜዳን ሽመና ያቆሙት ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሰዎች ናቸው። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ የሚለበሰው ጥበብ በእነርሱ እጅ ያልፋል። ሙያው የተከበረ ነው፤ አባት ለልጁ ያስተምረዋል፤ ከትምህርት ቤት መልስ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ክር የሚያጠነጥን ልጅ ሙያ እየወረሰ ነው። በዚህ ላይ የሚነሳ ወቀሳ የለም።

ሌላ ዓይነት ልጅ ግን አለ። «አዲስ አበባ ትማራለህ» ተብሎ በዘመድ ወይም በደላላ እጅ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጉለሌ ሲደርስ የሚጠብቀው ደብተር ሳይሆን ክር ነው። ከዚያ መወርወሪያ። ከንጋት እስከ ምሽት፣ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ፣ ዓይኑ ድርና ማግ ላይ ተተክሎ። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በተደጋጋሚ የተጠና፣ የተዘገበ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሥራ መሥሪያ ቤት በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ሰፍሯል።

እንዲህ ያለው ልጅ የሚያውቀው ቋንቋ ጋሞኛ ነው። አሠሪው ብዙ ጊዜ የአገሩ ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥ ይግባባል፤ ችግሩን ቤት ውስጥ ማን ይሰማዋል? ሊሰማው የሚችለው ያለው ውጭ ነው። ፖሊሱ፣ መምህሩ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የወረዳው ሠራተኛ፣ ልብስ ልትገዛ የመጣች ደንበኛ። ሁሉም የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሲያዩት የሚሉትም የታወቀ ነው።

«ና!»

ከአማርኛ ቀድሞ የሚለምደው ቃል ይህ ቢሆን አይገርምም። እርሱ ጆሮ ላይ ግን «ናኣ»ም አለ፤ እናቱ የምትለው፣ ሰፈሩ የሚለው ቃል። የጠራው ሰው ሳያውቀው እውነቱን ተናግሯል። ልጅ ነው። የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ጠሪው ይህን ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ይሆን ነበር። «እናትህ የት ናት? ስንተኛ ክፍል ነህ? ማን አመጣህ?»

ሕጉ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዙ ልማዶች የመጠበቅ መብት አላቸው ይላል። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ የተከሰሰም ሰው ክርክሩ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት በአንቀጽ 19 እና 20 ተጽፏል። የተያዘና የተከሰሰ ሰው ይህን ያህል ከተጠበቀለት፣ ምንም ያላጠፋው ልጅ በገዛ ቋንቋው አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ትርፍ ነገር አይደለም።

በጉለሌ ጋሞኛ የሚችል ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ወጥቶ መንገድ መሻገር ይበቃል። የቀረው ነገር አስተርጓሚ አይደለም፤ የመጠየቅ ልማድ ነው። ለበዓል ጥበብ የሚገዛም ሰው ዋጋ ሲከራከር «ይህን የሸመነው ማን ነው?» ብሎ መጨመር አይከብደውም። ሻጩ ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ከሰማ መልሱ ያስጨንቀዋል።

*

በመስከረም 2011 ዓ.ም ከጉለሌ አለፍ ብሎ፣ ቡራዩና አካባቢዋ፣ የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ብዙዎቹ ከሽመና የሚኖሩ ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ተነሱ።

ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች ወጡ። በባህላቸው ታላቅ ናቸው፤ ታናሽን «ና» ብለው መጥራት የሚችሉ፣ ሲጠሩም የሚመጣላቸው ሰዎች። አልጠሩም። ራሳቸው ሄዱ። እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጡት ልጆቻቸው ፊት መሬት ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩን አልፈው አልሄዱም። በቀሉ ቀረ።

የዚያን ቀን ድርጊት አገር ሙሉ አድንቆ አለፈ። የሚጠቅመው ግን በየቀኑ ሲሠራበት ነው። ቢሮ የተቀመጠ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ገንዘብ የያዘ፣ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሁሉ በቀን ብዙ ጊዜ «ና» ይላል። ተጠሪው ሲዘገይ «ንቆኝ ነው» ይላል፣ ይቆጣል። ላልመጣው ሰው ግን ቃሉ ምናልባት «እኔን» ነበር፤ ምናልባት «የእኛ»፤ ምናልባት «ልጅ»። ያልመጣ ሁሉ እምቢ አላለም።

ጠሪው ተነስቶ ሁለት እርምጃ ቢሄድና «ቋንቋህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። የጋሞ አባቶችም ተንበርክከው አላነሱም።